ዝቃጩ የት ገባ? የትንሽ ከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ ወንዝን የሚጠብቅበት መንገድ

ወንዝን በብዛት የሚገድለው ምግብ ነው። ከቤት የሚወጣ ፍሳሽ 99.9 በመቶው ውሃ ነው። ቀሪው ሰገራ፣ ሽንት፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ ሳሙናና ቅባት ነው። ለእኛ ቆሻሻ፣ ለባክቴሪያ ግን ቀለብ። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል፣ ይባዛሉ። ሲበሉ ደግሞ ይተነፍሳሉ። የሚተነፍሱት ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ዓሣውም የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። ሽሚያው ሲጀመር ቀድሞ የሚሸነፈው ዓሣው ነው።

ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ቢይዝ ነው። ውሃው ሞቆ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። አብዛኛው ዓሣ ሳይጨነቅ ለመኖር 5 ሚሊግራም አካባቢ ይፈልጋል። በመሃል ያለው ትርፍ ይህችው ናት።

አንድ ምሳሌ ይዘን ሂሳቡን እንሥራ። 10,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች እንበል። የአንድ ሰው የቀን ፍሳሽ ባክቴሪያ እንዲበላው ቢተው 60 ግራም ያህል ኦክስጅን ይጨርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም የከተማን ብክለት ሲቆጥር አንድን ሰው በ60 ግራም ነው የሚያሰላው። መለኪያው ቢኦዲ ይባላል። ናሙናው በ20 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ይቀመጥና ስንት ኦክስጅን እንደተበላ ይታያል። ለ10,000 ሰው በቀን 600 ኪሎ ኦክስጅን ማለት ነው። በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ደግሞ በደረቁ ወራት በሰከንድ 100 ሊትር ይፈሳል እንበል። በቀን 8,640 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሊትር 9 ሚሊግራም ቢይዝ፣ ወንዙ ቀኑን ሙሉ ይዞት የሚመጣው ኦክስጅን 78 ኪሎ ገደማ ነው።

የሚፈለገው 600፣ ያለው 78።

እርግጥ ወንዝ ከአየርም ኦክስጅን ይወስዳል። በተለይ ድንጋይ ላይ እየተንደረደረ የሚወርድ ወንዝ ያጣውን ቶሎ ይተካል። ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1925 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኦሃዮን ወንዝ ይዘው ይህን መውጣትና መግባት በቀመር አስቀመጡት። ቀመሩ ዛሬም ይሠራበታል። ከቀመሩ የሚወጣ አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኦክስጅን ከሁሉ ዝቅ የሚለው ቱቦው ወንዙን በሚነካበት ቦታ አይደለም። ባክቴሪያ ለመብላትና ለመራባት ጊዜ ይፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ ቆሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ የከፋው ቦታ ብዙ ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ወረድ ብሎ ነው። የከተማዋ ድልድይ ላይ ቆሞ «ወንዛችን ደህና ነው» የሚል ባለሥልጣን ሊዋሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል። የሞተውን ዓሣ የሚለቅመው የታችኛው መንደር ነው።

የወንዙ ሥራ በገንዳ ውስጥ

ማጣሪያ ጣቢያ ተአምር አይሠራም። ወንዙ በብዙ ቀንና በብዙ ኪሎ ሜትር የሚሠራውን ሥራ፣ በገንዳ ውስጥ በሰዓታት ይጨርሳል። ሠራተኞቹ እነዚያው ባክቴሪያዎች ናቸው። ልዩነቱ ኦክስጅኑ ከወንዙ አይወሰድም፤ በኤሌክትሪክ ይገዛል።

ይህ አሠራር የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በ1914 ኤድዋርድ አርደርንና ዊሊያም ሎኬት ማንቸስተር ውስጥ ፍሳሽ በጠርሙስ አድርገው አየር እየነፉበት ይሞክሩ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ 5 ሳምንት ያህል ፈጀ። ከእነሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ሲጨርሱ ከሥር የቀረውን ዝቃጭ ይደፉት ነበር። እነሱ ግን አስቀሩት። ውሃውን ብቻ ቀድተው አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህን ደጋግመው ሲሠሩ፣ 5 ሳምንት የፈጀው ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ ጀመረ። ዝቃጩ ለካ ቆሻሻ አልነበረም፤ የሠለጠነ የሠራተኛ ሠራዊት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ የከተማ ማጣሪያዎች ከዚህች ጠርሙስ የወጡ ናቸው።

የጣቢያው መግቢያ ላይ ያለውን ቶሎ እንለፈው። መጀመሪያ ፍርግርግ አለ፤ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና እርጥብ መጥረጊያ ይይዛል። (ማሸጊያው ላይ «መጸዳጃ ቤት ይጣላል» የሚለውን ጽሑፍ የፓምፕ ጥገና ሠራተኛ ፊት እንዳታነቡት።) ቀጥሎ አሸዋ የሚቀርበት ቦይ አለ። ትልልቅ ጣቢያዎች ከዚያ በኋላ ፍሳሹን ሁለት ሰዓት ያህል በማዝቀጫ ገንዳ ያስተኙታል። ከተንጠለጠለው ደቃቅ ነገር ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ከቢኦዲው ደግሞ ሲሶ ገደማው እዚያው ይቀራል። ትንንሽ ከተሞች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል። ፓስፌር የተባለው የኔዘርላንድስ መሐንዲስ በ1954 ቮርስኮተን በምትባል ቦታ የሠራው ሞላላ ቦይ ለዚሁ የታሰበ ነበር። ፍሳሹ በቦዩ ዙሪያ እየዞረ በሚሽከረከር ብሩሽ አየር ያገኛል። ብዙ ክፍል የለው፣ ብዙ ሰው አይፈልግ። ለትንሽ ከተማ ከተሠሩ ንድፎች ውስጥ ከሁሉ ብልህ የሆነው ይህ ይመስለኛል።

ዋናው ሥራ ያለው አየር መስጫ ገንዳው ላይ ነው። ውሃው ቡናማ ነው፣ ይፈላል። ደህና የሚሠራ ገንዳ ሽታው እንደ እርጥብ አፈር ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አንሶታል። ኦክስጅኑ በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ እንዲቆይ ይደረጋል። ባክቴሪያዎቹ የሟሟውን ቆሻሻ እየበሉ ተያይዘው ይጓጉላሉ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ማዝቀጫ ገንዳ ያልፋሉ። እዚያ ጸጥታ አለ። ጓሉ ይወርዳል፣ ጥርት ያለው ውሃ በገንዳው ጠርዝ ላይ ሞልቶ ወደ ወንዙ ይፈሳል። ከሥር ያለው ዝቃጭ በፓምፕ ወደ አየር መስጫው ይመለሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባክቴሪያው ቆሻሻውን በልቶ ቢጨርስም፣ ራሱ ካልዘቀጠ ምንም አልተሠራም። ቆሻሻው መልኩን ለውጦ ወንዝ ገባ ማለት ነው።

ለዚህ ነው በየጣቢያው ከሁሉ የሚታመነው መሣሪያ አንድ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ሲሊንደር የሆነው። ኦፕሬተሩ ከአየር መስጫው ቀድቶ ይሞላዋል። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና 30 ደቂቃ ይጠብቃል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቡናማው ብናኝ ይሰባሰባል። ከዚያ መስመር ይሠራል፤ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከታች ዝቃጭ። መስመሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ 250 ወይም 300 ሚሊሊትር ላይ ከቆመ ሰላም ነው። 900 ላይ ተገትሮ ከቀረ ግን ጉድ ፈልቷል። ወይ ዝቃጩ በዝቷል፣ ወይ እንደ ክር የሚረዝሙ ባክቴሪያዎች ወረውት አብጧል። ማይክሮስኮፕ ያለው ጣቢያ አንድ ጠብታ ጨምሮ ያያል። በቀጭን ግንድ ላይ የቆሙ ደወል መሳይ፣ ቮርቲሴላ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ነፍሳት በብዛት ካሉ ዝቃጩ ጤነኛ ነው። የቢኦዲ ውጤት ግን 5 ቀን ይፈጃል። በ5 ቀን ውስጥ ስንት ነገር ወንዝ ገብቶ አልቋል። ለዚህ ነው ጣቢያን በሲሊንደር፣ በኦክስጅን መለኪያና በዓይን የሚመሩት።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከተማዋ በቀን 1,500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ብታወጣና ጣቢያው ቢኦዲውን በሊትር ወደ 20 ሚሊግራም ቢያወርደው፣ ወንዝ የሚገባው 30 ኪሎ ነው። ከ600 ወደ 30። ይህንን ወንዙ ይችለዋል።

ይችለዋል ወይ? የ20 ሚሊግራም ልክ የቆየ ነው። የእንግሊዝ የፍሳሽ ጉዳይ ኮሚሽን በ1912 ያወጣው ሲሆን፣ ብዙ አገር ከዚያ ቀድቶታል። ኮሚሽኑ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። አንድ እጅ ፍሳሽ ቢያንስ 8 እጅ ንጹሕ የወንዝ ውሃ ማግኘት አለበት፤ ያኔ የተቀላቀለው ውሃ ቢኦዲ ከ4 አይበልጥም። የእኛ ወንዝ በደረቁ ወራት 8 እጅ የለውም፤ 6 እጅም አይሞላም። ቁጥሩን ቀድቶ ሁኔታውን መተው የተለመደ ነው። ወንዙ ትንሽ ከሆነ ልኩ መጥበቅ አለበት፣ አለቀ።

አሞኒያ

ቢኦዲ ወረደ ተብሎ የሚጨበጨብለት ብዙ ጣቢያ ሌላውን ግማሽ ዕዳ ለወንዙ ያስተላልፋል። ሰው በቀን 10 ግራም ያህል ናይትሮጅን ወደ ፍሳሽ ይጨምራል፤ አብዛኛው ከሽንት ነው። በቱቦ ውስጥ እያለ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። በምሳሌያችን ከተማ በቀን 100 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። አንድ ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ኪሎ ኦክስጅን ይጠይቃል። ከ100ው ኪሎ 70ው ሳይነካ ቢወጣ፣ ወንዙ ላይ ከ300 ኪሎ በላይ የኦክስጅን ፍላጎት ተጫነ። ከ30 ኪሎው ቢኦዲ ጋር አስተያዩት።

ይህ የመጀመሪያው ጉዳት ነው። ሁለተኛው፣ አሞኒያ ራሱ ለዓሣ መርዝ ነው። ምን ያህል መርዝ እንደሆነ በዋናነት የሚወስነው የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ነው። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ፣ ከአሞኒያው መርዘኛ ቅርጽ ያለው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ከ5 በመቶ ይበልጣል። 9 ላይ ሲሶውን ያልፋል። አልጌ የሞላበት ወንዝ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ፒኤቹ ይወጣል። ሌሊት ደግሞ አልጌው ራሱ ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ቀን አሞኒያ ያስፈራዋል፣ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው አለ፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አዝጋሚ ናቸው። ሌሎቹ በሰዓታት ሲባዙ፣ እነዚህ ቁጥራቸውን በእጥፍ ለማሳደግ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ውሃው ከቀዘቀዘ ይብስባቸዋል። ዝቃጩ በገንዳው ውስጥ በቂ ቀን ካልቆየ ሳይባዙ ታጥበው ይሄዳሉ። አንዴ ከጠፉ ለመመለስ ሳምንታት ይፈጃል። አንድ ሌሊት አየር ያጠፋ ሰው የሚያዳክመው እነሱን ነው።

ፎስፈረስ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ግራም ፎስፈረስ 100 ግራም ያህል ደረቅ አልጌ ማብቀል ይችላል። ወንዙ ሐይቅ ወይም ግድብ ውስጥ የሚገባ ከሆነ መነሳት አለበት። በብረት ወይም በአሉሚኒየም ጨው ዘቅጦ ይወጣል፤ የሚያስወጣው የኬሚካሉ ዋጋ ነው።

99 በመቶ ሲባል

ሌላ የሚያሳስት ቁጥር አለ። «ጣቢያችን 99 በመቶ ጀርም ያስወግዳል» ሲባል ሰው ይረካል። ያልተጣራ ፍሳሽ 100 ሚሊሊትሩ ውስጥ 10 ሚሊዮን የሰገራ ባክቴሪያ ቢኖረው፣ 99 በመቶው ሲወገድ 100,000 ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 ባወጣው መመሪያ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ለማጠጣት ያስቀመጠው ወሰን 1,000 ነበር። ከወሰኑ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ከታች ልጆች የሚዋኙበት ወይም አትክልት የሚጠጣበት ወንዝ ከሆነ፣ አየርና ማዝቀጫ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ወይም አልትራቫዮሌት መብራት ይጨመራል። ሁለቱም አመል አላቸው። ክሎሪን ጀርም ይገድላል፤ ሳይከሽፍ ወንዝ ከገባ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በሌላ ኬሚካል መክሸፍ አለበት። አልትራቫዮሌት ምንም ቅሪት አይተውም፤ ግን ብርሃኑ የሚሠራው ውሃው ሲጠራ ነው። ከማዝቀጫው ያመለጠ ብናኝ ጀርሙን ይከልለዋል። እንደገና ወደ ዝቃጩ መጣን።

ዝቃጩ የት ገባ?

የእኔ አቋም እዚህ ላይ ነው። የትንሽ ከተማ ማጣሪያ ወንዙን እየጠበቀ መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ከመጠየቁ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ባለፈው ወር ስንት መኪና ዝቃጭ ወጣ?

ምክንያቱ ወዲህ ነው። ባክቴሪያ ሲበላ ይባዛል። ከ600 ኪሎ ቢኦዲ በቀን ወደ 400 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ ዝቃጭ ይወጣል። እንደ አሠራሩ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ዜሮ ግን በፍጹም አይሆንም። ውሃው ተጨምቆ ደረቁ ክፍል 20 በመቶ ሲሆን በቀን ሁለት ቶን ነው። በወር 60 ቶን። 5 ቶን በሚጭን ገልባጭ 12 ምልልስ። ዝቃጩ ፀሐይ ላይ በደንብ ከደረቀ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም መኪና ጭኖት መውጣቱ አይቀርም።

ከብት አርቢ ግጦሹ ከሚችለው በላይ የሆነውን መንጋ በየጊዜው ካልቀነሰ፣ ግጦሹም መንጋውም ያልቃል። ዝቃጭም እንደዚያው ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መነሳት አለበት። ካልተነሳ አየር መስጫው ይወፍራል፣ አየር ይበላል። ማዝቀጫው ውስጥ ያለው የዝቃጭ ንጣፍ ከፍ ከፍ ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ሁሉም ቤት ሲያጥብና ሲታጠብ ፍሳሹ ይበዛል። ወይም ዝናብ ይመጣል። ንጣፉ ተነሥቶ በጠርዙ ላይ ያልፋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሳምንት ሥራ ወንዝ ይገባል። ጠዋት ላይ ውሃው ጥርት ብሏል፤ ዝቃጩ ቀንሷላ! ናሙና የሚወስደው ሰው ረፋድ ላይ ይመጣል። ውጤቱ ያማረ ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ኦፕሬተሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዝቃጭ ማድረቂያው ሞልቷል፣ መኪና የለም፣ የሚደፋበት ቦታ አልተወሰነም። ለጣቢያው ግንባታ ገንዘብ ሲገኝ ለዝቃጩ ማንሻ ገንዘብ አልተያዘም። የሚበሰብስ ነገር የሚሄድበት ቦታ ካላገኘ፣ በዝቅተኛው በኩል ይወጣል። ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ወንዙ ነው። ዝቃጩ የወንዙ ግርጌ ላይ ሲተኛ ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትን ጠጠር ይሸፍናል። እዚያው እየበሰበሰ ለሳምንታት ኦክስጅን ይጠጣል።

ኤሌክትሪክም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። አየር መንፋት ብቻውን ከጣቢያው ፍጆታ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቢል ሲቆለል ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሲጠፋ ምንም ነገር አይፈነዳም፣ ማንም ስልክ አይደውልም። የመጠጥ ውሃ ፓምፕ ቢቆም ከተማው በሰዓታት ውስጥ በር ያንኳኳል። የፍሳሽ አየር ቢቆም የሚያንኳኳ የለም።

ትንሽ ከተማን የሚለየው

ትልቅ ከተማ ውስጥ የአንድ ሰው ጥፋት በሚሊዮን ሰው ፍሳሽ ውስጥ ይሟሟል። በትንሽ ከተማ አንድ መኪና በቂ ነው። የአይብ ፋብሪካን አጓት እንውሰድ። ሲያዩት ነጣ ያለ ውሃ ነው፤ ማንም አይፈራውም። ቢኦዲው ግን በሊትር 40,000 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። 10,000 ሊትር የጫነ አንድ ቦቴ ማንሆል ውስጥ ቢደፋ 400 ኪሎ ቢኦዲ ነው። ከ6,600 ሰው የቀን ፍሳሽ ጋር እኩል። የከተማዋ ሸክም በአንድ ቀን አንድ ከሁለት ሦስተኛ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ፣ ክር መሳዮቹ ይነሣሉ፣ ዝቃጩ ያብጣል። ከጉድጓድ የሚመጣው የሽንት ቤት መጣጭ ቦቴም ከቤት ፍሳሽ ብዙ እጥፍ የጠነከረ ነገር ነው የሚያመጣው። ጣቢያው ሊቀበለው ይችላል፤ ግን በመቀበያ ገንዳ ይዞ፣ ሌሊት ፍሳሹ ሲያንስ ቀስ እያለ ሊለቀው ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከፋብሪካው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ አጓቱ ለከብት መኖ እንዲሄድ ማድረግ፣ ጣቢያውን ከማስፋት በእጅጉ ይረክሳል።

ዝናብ ሌላው ነው። የተሰነጠቀ ቱቦና ክዳን የሌለው ማንሆል የዝናብ ውሃ ወደ ጣቢያው ይጎትታል። የጣሪያ ውሃን በድብቅ ከፍሳሽ ጋር ያገናኘ ቤትም አይጠፋም። ፍሳሹ ሦስት እጥፍ ሲሆን ማዝቀጫው ውስጥ ውሃው የሚቆይበት ጊዜ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ወንዙን የሚጠብቀው ሥራ እንግዲህ ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ በየመንገዱ ሥር ያለ ቱቦ ጥገና ነው። ይህ ሥራ ሪባን አይቆረጥለትም።

ሙቀትና ሰፊ መሬት ያለው ከተማ ሌላ አማራጭ አለው፤ ተከታታይ ኩሬዎች። የመጀመሪያው ጥልቅ ሆኖ ቆሻሻው ያለ አየር ይብላላበታል። ሁለተኛው አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ጥልቀት አለው፤ አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጠዋል። የመጨረሻዎቹ ጠለቅ ያሉ አይደሉም፤ ፀሐይና ጊዜ ጀርሙን ይገድላሉ። ሞተር የለ፣ ቢል የለ። ጀርም በመግደል ብዙ ውድ ጣቢያዎችን ይበልጣሉ። እኔ ብጠየቅ፣ መሬቱ እስካለ ድረስ ለትንሽ ከተማ ከኩሬ ነው የምጀምረው። ጉድለታቸውም ግን ይታወቅ። የሚወጣው ውሃ አረንጓዴ ነው፤ አልጌው ራሱ ቢኦዲ ሆኖ ይቆጠራል። ለዚህም የአውሮፓ ኅብረት የ1991 ሕግ የኩሬ ናሙና ተጣርቶ እንዲለካ ፈቅዶ፣ ሳይጣራ ደግሞ የተንጠለጠለው ነገር ከ150 ሚሊግራም እንዳያልፍ ወስኗል። ዝቃጩም ከዚህ አያመልጥም። በየቀኑ ሳይሆን በየተወሰነ ዓመት ይወጣል። የሚረሳውም ለዚሁ ነው፤ የሠራው መሐንዲስ ሄዷል፣ ያስመረቀው ሹም ተቀይሯል፣ ኩሬው በጸጥታ እየሞላ ነው።

ቁጥሩን ማን ይለካዋል?

በተባበሩት መንግሥታት አሃዝ መሠረት በ2022 በዓለም ላይ ከቤት ከወጣው ፍሳሽ 42 በመቶው በደህና ሁኔታ ሳይጣራ ነው የተለቀቀው። ሀብታሞቹ አገሮች ደግሞ ሌላ ደረጃ ላይ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ሕጉን አድሶ ግዴታውን 1,000 ነዋሪ እስካላቸው መንደሮች አወረደ። ትልልቆቹ ጣቢያዎችም የመድኃኒትና የመዋቢያ ቅሪትን እንዲያጣሩ፣ አብዛኛውን ወጪ አምራቾቹ እንዲችሉት ደነገገ። ጥሩ ነው። ግን ዝቃጩን በየሳምንቱ ማውጣት ያልቻለ ጣቢያ ላይ የመድኃኒት ማጣሪያ መጨመር ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት መጋረጃ መግዛት ይሆናል። ቅደም ተከተል አለው።

ናሙናን በሚመለከት ለከተማ ምክር ቤት አባል፣ ለጋዜጠኛም ሆነ ለነዋሪ የምለው ይህንን ነው። ረፋድ ላይ በአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ናሙና ስለ ረፋዱ ብቻ ይናገራል። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ 24 ሰዓት የተጠራቀመ ይጠየቅ። ከቢኦዲ ጎን አሞኒያ ይኑርበት። ወንዙ ላይ ሦስት ቦታ ይለካ፤ ከቱቦው በላይ፣ ውሃው ከተቀላቀለበት በታች፣ እንዲሁም ኪሎ ሜትሮች ወረድ ብሎ ኦክስጅን ይወድቃል ተብሎ የሚገመትበት ቦታ ላይ። የኦክስጅኑ መለኪያ ጎህ ሳይቀድ ይሁን፤ እኩለ ቀን ላይ አልጌው ውሸት ይናገራል። ወንዙ ከሁሉ በሚያንስበት ወር ደግሞ ይደገም። የዚያን ወር የዝቃጭ መኪና መዝገብ ከጎኑ ይቀመጥ። ሁለቱ ወረቀቶች ካልተስማሙ፣ የመኪናው መዝገብ ይታመን።